በከተማው ዳርቻ ስለ ቀረው ዘር



በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ዙሪያ ያለው የእርሻ መሬት በየዓመቱ ለቤት፣ ለፋብሪካና ለመንገድ እየተከለለ ሲሄድ፣ ከመሬቱ ጋር አብሮ የሚጠፋ፣ ነገር ግን በማንም መዝገብ ላይ የማይጻፍ አንድ ሀብት አለ፤ የዛሬው ንግግሬም ስለዚሁ ሀብት ነው። ገበሬው ከይዞታው ሲነሣ ገማቾች መጥተው ቤቱን ይለካሉ፤ ባሕር ዛፉን ይቈጥራሉ፤ ማሳው በዓመት የሚሰጠውን ኵንታል ጠይቀው በገበያ ዋጋ ያሰላሉ፤ ሕጉ የሚያዝዛቸው ይህንኑ ስለ ሆነም በዚህ አይወቀሱም። በጎታው ውስጥ በአመድ ታሽቶ ለመጪው ክረምት የተቀመጠው ዘር ግን፣ አባት ከአያት፣ አያትም ከቅድመ አያት እየተቀበለ በዚያው ጭቃ፣ በዚያው ውርጭና በዚያው ዝናም ሲፈትነው የኖረው ዘር፣ እንደ ማናቸውም እህል በኪሎ ተሸጦ ወይም ተፈጭቶ ያልቃል። ቤቱ በካሳው ገንዘብ ሌላ ስፍራ ሊሠራ ይችላል፤ ባሕር ዛፉም በጥቂት ዓመታት ተመልሶ ይደርሳል፤ ያ ዘር ግን አንድ ጊዜ ካለቀ በምንም ገንዘብ አይገዛም፤ የሚሸጠው ሰው የለምና። እንግዲህ የምለው ይህ ነው፤ መሬቱ ከመከለሉ በፊት ዘሩ ይሰብሰብ፣ ይመዝገብ፣ የዘሪውም ዕውቀት ከዘሩ ጋር ይጻፍ።

ዛሬ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር የተጠቃለሉት እነዚህ ሦስት ከተሞች ሁሉም ከአዲስ አበባ ጋር ቢዋሰኑም የመሬታቸው ጠባይ አንድ አይደለም። ሰበታ በወጨጫ ተራራ ግርጌ በጅማ መንገድ ላይ ተቀምጣ ወደ በቾ ሜዳና ወደ አዋሽ ትመለከታለች፤ ጥቁሩ መሬቷ ክረምት ውኃ አቍሮ፣ በጋ ተሰነጣጥቆ የሚኖር በመሆኑ፣ ገበሬው ጤፉን በክረምቱ ውስጥ፣ ሽምብራውንና ጓያውን ደግሞ ዝናሙ ሊያባራ ሲል በቀረው እርጥበት ላይ ይዘራበታል። ቡራዩ በአምቦ መንገድ ላይ፣ ከፊሏ በተዳፋት፣ ከፊሏ በገፈርሳ ውኃ አጠገብ ናት። ሱሉልታ ግን እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ የሚገኝ፣ ጥቅምትና ኅዳር ውርጭ የሚጥልበት ደጋ ሜዳ ስለ ሆነ የገብስ፣ የድርቆሽና የወተት አገር ነው። ውኃቸውም ቢሆን ይለያያል፤ ከእንጦጦ በስተ ደቡብ የሚወርደው ጅረት በአቃቂ አድርጎ ወደ አዋሽ ሲሄድ፣ በሱሉልታ ሜዳ የሚፈስሰው በሙገር አድርጎ ዓባይን ይቀላቀላል። ከጤፍ ምድር የተነሣ መንገደኛ ጤፍ የማይበቅልበት ገብስ ምድር ላይ እስኪደርስ ብዙ መንገድ አይፈጅበትም፤ የአዝርዕት ዓይነት የሚበረክተውም እንደዚህ ወይና ደጋና ደጋ፣ ረግረግና ተዳፋት ተቀራርበው በሚገኙበት አገር ነው።

የገብስን ነገር ብቻ ጥቂት ዘርዘር አድርገን እንመልከት። ከተማ ያደገ ሰው በአንድ ስም ገብስ ብሎ የሚያልፈው እህል በደገኛይቱ ባለቤት ጎታዎች ውስጥ ብዙ ነው። ቅርፊቱ በቀላሉ የሚለቅቀው ሰነፍ ቆሎ ለብቻው ይቀመጣል፤ ለቆሎ የሚሆነው እርሱ ነው። ጥቁሩ ለጠላ ይወደዳል፤ ነጩና ፍሬው ሞላ ያለው ለእንጀራና ለዳቦ ይሆናል፤ ለበሶ፣ ለገንፎ፣ ለቂንጬ፣ በቅቤ ተለውሶ ለእንግዳ ለሚቀርበው ጭኮም የየራሱ ምርጫ አለው። ከእነዚህ ሁሉ ተለይቶ ደግሞ ከሌላው ቀድሞ የሚደርስ ገብስ አለ፤ የዓምናው እህል አልቆ የዘንድሮው ገና ሳያሽት፣ ጎታው ባዶ በሚሆንበት ጊዜ ቤተ ሰቡን የሚያሻግረው እርሱ ነው፤ ምርቱ ጥቂት ስለ ሆነ ግን በኵንታል የሚያሰላ ባለሙያ ቢጠየቅ ቀድሞ የሚጥለው ይህንኑ ነው።

ይህ ሁሉ እንዲሁ በአጋጣሚ አልተገኘም። እህሉ ሲያሽት ባልና ሚስት ማሳውን እየዞሩ የቱ ጥግ ውርጩን እንደ ቻለ፣ የቱ በውኃው እንዳልታነቀ፣ የቱ ዛላ ሳይጋሽብ እንደ ቆመ ያያሉ፤ ለዘር የታሰበው ለብቻው ታጭዶ፣ ለብቻው ተወቅቶ፣ በሰፌድ ተነፍሶና በእጅ ተለቅሞ፣ ፀሐይ ከመታው በኋላ ወደ ጎታው ይገባል። በሰፌዱ ላይ የሚደረገው ምርጫ በአብዛኛው የሴቶች ሥራ ነው፤ የትኛው ዘር ለምን እንደሚሆን፣ ምን ያህል ጊዜ እንደሚበስል፣ ሲበሉት ምን ያህል እንደሚያጠግብ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና። በጤፉም በኩል ገበሬው ነጭና ቀይ የተቀላቀለበትን ሰርገኛ የሚዘራው ንጹሕ ዘር አጥቶ አይደለም፤ ዓመቱ ለአንዱ ቢከፋ ሌላው እንዲተርፍለት ነው። በአንድ ግራም ውስጥ ከ2,500 እስከ 3,000 የሚደርስ ፍሬ ያለውን ይህን ረቂቅ እህል ለይቶና መርጦ እስከ ዛሬ ያደረሰ ሕዝብ፣ የእርሻ ሊቅ የሚል ማዕርግ ባይሰጠውም ሥራው የሊቅ ሥራ ነው።

ይህን ሀብት እኛ ከማስተዋላችን በፊት ሌሎች አስተውለውት ነበር። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን እየገለጽሁ፣ በ1926 መጨረሻ ኒኮላይ ቫቪሎቭ የተባለው ሩሲያዊ የዕፀዋት ሊቅ ወደ አገራችን ገብቶ፣ ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ጋር ተገናኝቶ ፈቃድ ከተቀበለ በኋላ፣ በ1927 የመጀመሪያ ወራት ከአዲስ አበባ እስከ ኤርትራ በቅፍለት እየተጓዘ የስንዴውን፣ የገብሱን፣ የጤፉንና የኑጉን ዘር ሰበሰበ፤ ባየውም ብዛት ተደንቆ ኢትዮጵያን ከዓለም የአዝርዕት መነሻ ማዕከሎች አንዷ ብሎ ቈጠራት። ይህ ሰው በኋላ በአገሩ መንግሥት ታስሮ በ1943 በሳራቶቭ ወኅኒ ቤት በረኃብ ሞተ፤ ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር በተከበበች ጊዜም እርሱ ይመራው የነበረው የዘር ተቋም ሠራተኞች በከረጢት ሙሉ ሩዝና ስንዴ መካከል ተቀምጠው፣ ከተሰበሰበው ዘር አንዳች ሳይቀምሱ አያሌዎቹ በረኃብ ሞቱ። ዘር መጠበቅ ምን ያህል የነፍስ ጉዳይ እንደ ሆነ የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር ከዚህ የበለጠ ምስክር አላመጣለትም።

የዘራችንን ዋጋ በካሊፎርኒያም አውቀውታል። በዚያ አገር የገብሱን ማሳ ቢጫ አድርጎ የሚያቀጭጭ፣ በክሽክሽ አማካይነት ከቡቃያ ወደ ቡቃያ የሚተላለፍ የቫይረስ በሽታ ተነሥቶ ገበሬውን ባስጨነቀ ጊዜ፣ ሊቃውንቱ ከመላው ዓለም የተሰበሰቡ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ የገብስ ዓይነቶችን ፈትነው መቋቋሚያውን ያገኙት፣ ከሞላ ጎደል ሁሉንም፣ ከኢትዮጵያ በሄዱት ውስጥ ነበር። የካሊፎርኒያ ገብስ ከዚያ ወዲህ ቀና አለ። ያንን ገብስ ዘርቶና መርጦ ያቆየው ደገኛ ግን ማን እንደ ነበር፣ ቀዬው የት እንደ ነበር የጻፈ የለም።

እኛም ብንሆን እጃችንን አጣጥፈን አልተቀመጥንም። በ1976 በጀርመን መንግሥት እርዳታ በአዲስ አበባ የተቋቋመው፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የምንለው የዘር ማከማቻ፣ ከ60 ሺህ በላይ የዘር ናሙናዎችን አድርቆና አሽጎ ከዜሮ በታች በሆነ ቅዝቃዜ ያስቀምጣል። ከ1979 ጀምሮ የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ፣ በ1984ቱ ድርቅ ገበሬው ለዘር ያስቀመጠውን ጭምር ለመብላት በተገደደበት በዚያ ክፉ ዘመን፣ ሊጠፋ የነበረውን ከየአውራጃው አሰባስበው በኋላ ለገበሬው መልሰው እንዲዘራ አድርገዋል፤ በ1989ም ብዙዎች አማራጭ ኖቤል የሚሉት ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። የእርሳቸው ትልቁ ትምህርት ግን ማከማቻው ብቻውን አይበቃም የሚለው ነው። በቅዝቃዜ የተኛ ዘር በተኛበት ዓመታት የአየሩን መለወጥ አያውቅም፤ አዲስ የመጣውን በሽታ አልተጋፈጠም፤ ማሳ ላይ ያለው ግን በየክረምቱ እየተፈተነ ከዘመኑ ጋር አብሮ ይሄዳል። ስለዚህም በምሥራቅ ሸዋ በእጀሬ አካባቢ፣ የአገሩ ነባር ስንዴ በአዲሱ የዳቦ ስንዴ ተገፍቶ ጠፍቶ ከነበረበት ስፍራ፣ ዘሩ ከማከማቻው ወጥቶ ለገበሬዎች ተመለሰ፤ ገበሬዎቹም ራሳቸው የሚያስተዳድሩት የዘር ቤት ቆመላቸው።

እዚህ ላይ ነገሬ እንዳይጣመም አንድ ነገር ልናገር። የተሻሻለ ዘር ጠላት ነው ማለቴ አይደለም። ከደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ማዕከል በ2006 የወጣው ቁንጮ የተባለው ጤፍ ለብዙ ገበሬ ሲሳይ ሆኗል፤ ነገር ግን ቁንጮ ራሱ የተወለደው ከአገር ጤፍ ተመርጠው ከተዳቀሉ ሁለት ወላጆች ነው፤ ወላጆቹን ካጠፋን ቀጣዩን ከማን እናዋልዳለን? አንድ ዓይነት ዘር አገሩን በሞላ ሲሸፍን የሚመጣውንም አይተነዋል። በ2010 ቢጫ ዋግ ኩብሳ የተባለውን ስንዴ መታ፤ በእርሱ ፋንታ ዲገሉ የተባለው በሰፊው ተዘራ፤ በ2013 መጨረሻ ደግሞ አዲስ የግንድ ዋግ በባሌና በአርሲ ተነሥቶ ዲገሉን አወደመው። አየርላንድ ከ1845 ጀምሮ ድንቿ በአንድ በሽታ ጠፍቶ ብዙ ሕዝቧ ያለቀውም፣ ያ ሁሉ ማሳ በጥቂት የድንች ዓይነት ተሸፍኖ ስለ ነበር ነው።

የዘር ሀብት ባለቤት የሚጠፋበት ሌላም መንገድ አለ። አንድ የሆላንድ ኩባንያ በ2005 ከኢትዮጵያ ጋር በጤፍ ላይ ስምምነት ከተፈራረመ በኋላ፣ በ2007 የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀትን እንደ ራሱ ፈጠራ አስቈጥሮ በአውሮፓ የፓተንት መብት ተሰጠው፤ የሔግ ፍርድ ቤትም አዲስ ፈጠራ የለበትም ብሎ ያንን መብት በኔዘርላንድስ ዋጋ ቢስ ያደረገው በ2018 ነበር። ከዚህ የምረዳው፣ በጽሑፍ ያልሰፈረ ዕውቀት ባለቤት እንደሌለው ንብረት እንደሚታይ ነው፤ መዝገብ መዝገብ እያልሁ የምደጋግመውም ስለዚህ ነው።

ወደ አካባቢያችን እንመለስ። ሰው በእነዚህ ተራሮች ላይ ያደረገው ሁሉ ጥፋት ብቻ አይደለም። በሰበታ በኩል ከወጨጫ ተዳፋት ላይ የሚገኘው የመናገሻ ሱባ ደን፣ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገርለታል፤ ጥዱ፣ ዝግባው፣ ወይራውና ኮሶው፣ በውስጡም የሚመላለሰው የምኒልክ ድኩላ እስከ ዛሬ የቆዩት፣ ደኑ በየዘመኑ አይነካ ተብሎ ስለ ተጠበቀ ነው። በአንጻሩ አዲስ አበባ ገና በጨቅላነቷ ዙሪያዋን መንጥራ ጨርሳ ነበርና፣ ዐፄ ምኒልክ በማገዶ እጦት ምክንያት መዲናይቱን በቡራዩ በኩል ወደሚሄዱበት ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ቤተ መንግሥት እስከ ማሠራት ደርሰው ነበር። ከተማይቱን ከመፈታት ያዳናት በ1890ዎቹ አጋማሽ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። እንጦጦን ያለበሰው፣ ለድኻይቱ ማገዶ፣ ለግንበኛው አጣና የሆነው ይህ ዛፍ ውለታው አይካድም፤ ይሁን እንጂ ከሥሩ ሣር እምብዛም አይበቅልም፤ ተዳፋቱም እርቃኑን ቀርቶ አፈሩ በጐርፍ ይወርዳል። አሁን ደግሞ ከተራራው ወርዶ በሱሉልታና በሰበታ ማሳ ውስጥ መግባቱ ያሳስበኛል፤ መሬቴ ነገ ይከለል ይሆናል ብሎ የሚሰጋ ገበሬ በየዓመቱ ከሚለፋበት ገብስ ይልቅ ተክሎት የሚተወውን ዛፍ ቢመርጥ አይፈረድበትም፤ ሰብል የነበረው ግን አንድ ጊዜ ባሕር ዛፍ ከሆነ በኋላ ዘሩ ከጎታው ይወጣል። በጉለሌ በኩል ከ700 ሄክታር በላይ በሆነ ተራራ ላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር ያቋቋሙት የዕፀዋት ማዕከል ባሕር ዛፉን በየተራ እያነሣ አገር በቀሉን ሲመልስ ማየት የሚያስደስት ነገር ነው።

የሱሉልታ ሜዳ ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ ልቤን ይነካኛል። ክረምቱ ሲወጣ ያ ሜዳ ውኃ ያዘለ ነው፤ አደይ አበባው ዳር ዳሩን ሲያበራ፣ ማጌት የምንለው፣ ከዓይነቶቹ አንዳንዶቹ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኙት የመኖ ተክል፣ ከሣሩ ጋር ተደባልቆ ይበቅላል፤ ጥቅምትና ኅዳር ታጭዶ፣ ደርቆና ታስሮ፣ በጭነት መኪና ተከምሮ አዲስ አበባ የሚገባው ድርቆሽ ጣዕሙንና ኃይሉን የሚያገኘው ከዚሁ ከማጌቱ ነው፤ የከተማው ልጅ የሚጠጣውም ወተት እንዲሁ። የአገራችን ብቻ የሆነው፣ ክንፉ ሰማያዊ የሚመስለው ዝይ በዚያ ይሰማራል። በዓለም ላይ ጥቂት ብቻ የቀረች፣ ክንፏ ነጭ፣ ሰውነቷ ትንሽ፣ በረጅም ሣር ውስጥ ተሸሽጋ የምትኖር አንዲት የረግረግ ወፍም ቀድሞ በዚህ ሜዳ ታይታ ነበር፤ ዛሬ ከኢትዮጵያና ከደቡብ አፍሪካ በቀር የምትታይበት አገር እምብዛም የለም፤ በ1997 በሆለታ አቅራቢያ በበርጋ ረግረግ ተገኝታ፣ በዚያው እንቁላሏን ጥላ እንደምትፈለፍል ታወቀ። የሱሉልታ ረግረግ ግን እየተቦየ፣ አፈር እየተደፋበት፣ የድንጋይ መሠረት እየቆመበት ነው። ውኃ ጠጥቶ አቆይቶ ለበጋ የሚያወጣ ሜዳ ሲደፈን ጐርፉ ክረምት ላይ ቤቱን ያጥለቀልቃል፤ በጋ ላይ ደግሞ ምንጩ ይነጥፋል፤ ውኃ በጠርሙስ አሽጎ ለአገር በሚሸጠው በዚያው ወረዳ ጀሪካን ተሸክመው ውኃ የሚፈልጉ ሴቶችን ማየት እጅግ ያሳዝናል።

ስለ ወንዞቹ በአጭሩ ልናገር፤ ነገሩን ሁላችሁም በዓይናችሁ ታዩታላችሁና። የገፈርሳ ግድብ ከተማይቱን ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ያጠጣ ውኃ ነው፤ ትንሹ አቃቂ ግን የከተማውን ፍሳሽ ተሸክሞ ይወርዳል፤ ከዚሁ ወንዝ ዳር የሚለማው ሰላጣና ጐመን ደግሞ ከቆዳ ፋብሪካና ከሌላውም የወጣ ከባድ ማዕድን በቅጠሉ ይዞ ወደ ገበታችን እንደሚመለስ በተደጋጋሚ ተመርምሮ ታውቋል። በሰበታም ፋብሪካውና የአበባው እርሻ ከወንዙ ዳር ነው። ብሔራዊው የዓሣና የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል የተቀመጠው በዚያችው በሰበታ መሆኑን ሳስብ፣ የወንዛቸውን ውኃ ከማንም ቀድመው የሚመረምሩትና ውጤቱንም ለነዋሪው በየጊዜው የሚያሰሙት የማዕከሉ ተመራማሪዎች ቢሆኑ መልካም ነበር እላለሁ።

ቤተ ክርስቲያናችን የክረምቱን መግቢያ ዘርዕ ብላ ትሰይመዋለች፤ ካህናቱም ስለ ዝናሙ፣ ስለ ወንዞቹና ስለ ምድር ፍሬ ይጸልያሉ። የዚህ አገር ኦሮሞም ክረምቱ ሲወጣ እርጥብ ሣርና አደይ አበባ ይዞ በውኃ ዳር ለፈጣሪው ምስጋና ያቀርባል። ሁለቱም ሥርዓቶች ዘሩንና ውኃውን ለሰው በአደራ የተሰጠ አድርገው ያዩታል፤ እኔም ከተማ አይስፋ፣ ሰው ቤት አይሥራ አልልም። ከሰበታ ተነሥቶ ጅቡቲ የሚደርሰው የባቡር ሐዲድም፣ የሠራተኛው ቤትም የሚያስፈልገን ነው። የምለምነው ሊሠራ የሚችል፣ ወጪውም እጅግ አነስተኛ የሆነ ነገር ነው።

ይኸውም፣ ማሳው እንዲነሣ በተወሰነበት ቀበሌ ሁሉ፣ ከገማቾቹ ጋር አንድ የግብርና ልማት ሠራተኛ አብሮ ይሂድ፤ በየቤቱ ከየዘሩ አንድ አንድ ከረጢት ይውሰድ፤ ዋጋውንም ይክፈል። ከረጢቱ ላይ የዘሩ የአገር ስም፣ የተዘራበት ስፍራ፣ የሚዘራበትና የሚደርስበት ወር፣ ውርጭና ውኃ መቻል አለመቻሉ፣ ለምን ለምን እንደሚሆን፣ ባለቤቱም ከፈቀደ ስሙ ይጻፍበት። አንዱ ድርሻ ወደ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ይሂድ፤ ሌላው በዚያው አካባቢ ገና ለሚያርሱ ገበሬዎች ይከፋፈል፤ የቀረው በየከተማው ትምህርት ቤት፣ በየገዳሙና በየመስጊዱ ይዞታ በትንሽ መደብ ላይ በየዓመቱ ይዘራ፤ ካሳ ተቀብሎ የተነሣው ገበሬም በዚያ መደብ ላይ ደመወዝ ተቈርጦለት አስተማሪ ይሁን፤ የጥበቃ ሥራ እየለመነ በየፋብሪካው በር ከሚቆም ይልቅ የሚያውቀውን ያስተምር።

ጊዜውም ቅርብ ነው። ገብሱ ጥቅምትና ኅዳር፣ ጤፉ ኅዳርና ታኅሣሥ፣ ሽምብራው ጥር ላይ አውድማ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ለዘር የሚቀረውና ለገበያ የሚወጣው ይለያል። ስለዚህ ሰብሳቢዎቹ በመስከረም ተመርጠው፣ በጥቅምት መጀመሪያ በሱሉልታ ጀምረው፣ በቡራዩ አልፈው በሰበታ ሜዳ ይጨርሱ፤ በየቤቱም ሲደርሱ ስለ ዘሩ አባ ወራውን ብቻ ጠይቀው አይመለሱ፤ ጎታዎቹን ከፍተው የሚያሳዩትን፣ የትኛው ለምን እንደ ተቀመጠ የሚያውቁትን እማ ወራዋን አስቀምጠው ይጠይቁ።